ቲቸር ሥልጠና ላይ ናቸው

የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። ደወሉ ተደውሏል፤ መምህሩ ግን የሉም። የክፍል አለቃው ስታፍ ደርሶ ይመለስና «ቲቸር ሥልጠና ላይ ናቸው፤ እስከ ዓርብ አይመጡም» ይላል። ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ይህ ያልገጠመው ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ሰኞ ይመለሳሉ። ዓርማ ያለበት አዲስ ቦርሳ ይዘዋል። «ዛሬ በቡድን ነው የምንሠራው» ይላሉ። ዴስክ ይጎተታል፣ ትልልቅ ወረቀት ይታደላል፣ ማርከር ከእጅ እጅ ይዞራል። ደስ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዴስኩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ መምህሩም ወደ ሰሌዳው። እናንተም እንደ ድሮው ትገለብጣላችሁ።

ምን ተፈጠረ? ቀላሉ መልስ «መምህሩ ሰነፉ» የሚለው ነው። እኔ አልቀበለውም። ሥልጠናው ራሱ ሲጀመር የሳይንስ ሥልጠና አልነበረም ባይ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የምተቸውም እሱን ነው።

«ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ በጣም ያገባዋል። ሥልጠናው የሚሰጠው ለመምህሩ ቢሆንም የሚፈተነው እናንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከሥልጠናው በኋላ እናንተ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ወቅቶች፣ ስለ እንቅስቃሴ የምታስቡት ካልተለወጠ፣ አዳራሹ የቱንም ያህል ቢደምቅ ሥልጠናው አልሠራም ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ

እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን በቃሉ ያውቀዋል። ምዝገባ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ እንቅልፍ እንዳይመጣ የሚደረግ ጭብጨባ ያለበት ጨዋታ፣ ከዚያ ስላይድ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አሠልጣኙ እያነበበ በአማርኛ ያብራራል። ርዕሱ አብዛኛውን ጊዜ «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ» ነው። አሠልጣኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ መናገር ጥሩ እንዳልሆነ ያስተምራል። መምህራኑ ራሳቸው በሻይ ሰዓት ይስቁበታል።

ሻዩን ግን አትናቁት። «አንተ ሌንስን እንዴት ነው የምታስተምረው? እኛ ጋ አንድም የለም እኮ» የሚባለው እዚያ ነው። «ልጆቹ ሞልን ከሞለኪውል ጋር ያምታቱብኛል፤ ምን ትያቸዋለሽ?» የሚባለውም እዚያው። የብዙ ሥልጠናዎች ምርጥ ክፍል መርሐ ግብሩ ላይ «የሻይ እረፍት» ተብሎ የተጻፈው ይመስለኛል፤ ችግሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው።

አንድ ቀላል መመዘኛ አለኝ። የሥልጠናውን ስላይድ ውሰዱና «ሳይንስ» የሚለውን ቃል ሁሉ አውጥታችሁ «ታሪክ» ወይም «ስፖርት» የሚለውን ተኩበት። ምንም ነገር ካልተበላሸ፣ ያ የሳይንስ መምህራን ሥልጠና አልነበረም። የቡድን አደረጃጀት፣ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ የተከታታይ ምዘና ዓይነቶች፣ የብሉም እርከኖች... ሁሉም ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የባዮሎጂዋን፣ የኬሚስትሪውንና የፊዚክሱን መምህር አንድ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ አድርጎ አንድ ዓይነት ነገር መንገር የሚቻለው የትምህርቱን ይዘት በር ላይ ትቶ ሲገባ ብቻ ነው።

የስታንፎርዱ ሊ ሹልማን ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1986 በግልጽ አስቀምጦታል። ስለ ትምህርት ሲወራ ሁለት ነገር ብቻ ይነሣል ይላል፦ የትምህርቱ ዕውቀትና የማስተማር ዘዴ። በመካከላቸው ግን ሦስተኛ ዕውቀት አለ። ይህን ርዕስ፣ ለእነዚህ ልጆች፣ በየትኛው ምሳሌ ባስረዳ ይገባቸዋል? የቱ ጋ ይሰናከላሉ? ለምን? ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን አያውቅም፤ ማስተማር የሚችል ሰው ሁሉም አያውቅም። የፊዚክስ መምህር ሙያ ማለት ይኸው ነው። አዳራሹ ውስጥ የጠፋውም እሱ ነው።

ኳሷ

እስቲ እንሞክረው። ኳስ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወረወራችሁ። ከእጃችሁ ወጥታለች፣ ገና ወደ ላይ እየሄደች ነው። የአየሩን ግጭት እርሱት። በዚህ ቅጽበት ኳሷ ላይ የሚያርፈው ፎርስ ምን ምን ነው?

ብዙ ሰው «ወደ ታች የምድር ስበት፣ ወደ ላይ ደግሞ የእጄ ፎርስ» ይላል። የእጁ ፎርስ እየደከመ ሲሄድ ስበቱ ያሸንፍና ኳሷ ትመለሳለች። አሳማኝ ነው አይደል? ስህተት ነው። እጃችሁ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ምንም አያደርጋትም። ያለው ስበት ብቻ ነው፤ ኳሷ ወደ ላይ የምትሄደው ቀድሞ የያዘችው ፍጥነት ስላለ ነው፤ ስበቱ ያን ፍጥነት እየቀነሰባት ይሄዳል።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ተማሪ የኒውተንን ሕጎች በቃሉ ሊወጣቸው፣ ስሌቱንም በትክክል ሊሠራ ይችላል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሄስቲንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 «ፎርስ ኮንሰፕት ኢንቬንተሪ» የሚባል ፈተና አሳተሙ። ስሌት የለበትም፤ ተራ የምርጫ ጥያቄ ነው። ልዩ የሚያደርገው የተሳሳቱት ምርጫዎች እንዲሁ ከአየር ላይ የተቀጠፉ አለመሆናቸው ነው። ተማሪዎች በእውነት የሚያስቧቸው ናቸው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር የዚህን ፈተና ቀዳሚ ለተማሪዎቹ ሲሰጥ፣ አንዷ ተማሪ «የምመልሰው እርስዎ ባስተማሩን መንገድ ነው ወይስ እኔ በማስበው?» የሚል ጥያቄ አቅርባለት ነበር። ማዙር ማስተማሪያ መንገዱን ከዚያ በኋላ ነው የቀየረው። ለጉዳያችን ከስልሳ ስላይድ ይበልጣል፤ የልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ፊዚክስ አለ፣ አንዱ የፈተና፣ ሌላው የራሷ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሄክ የ62 ኮርሶችን፣ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አወዳደረ። ተማሪዎቹ ኮርሱን ሲጀምሩ ካልያዙት ነገር ውስጥ በመጨረሻ ምን ያህሉን ያዙ? በተለመደው ገለጻ የተማሩት በአማካይ 23 በመቶውን። እየገመቱ፣ እየተከራከሩ፣ ወዲያው ምላሽ እያገኙ የተማሩት ደግሞ 48 በመቶውን። ከእጥፍ በላይ ነው። መረጃው የአሜሪካ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ክፍል ማምጣት አይቻልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልዩነቱን ያመጣው ዴስክ መጎተቱ አይደለም። ተማሪው ስህተቱን ይዞ ከእውነታው ጋር መጋጨቱ ነው።

መምህሩስ? ፊሊፕ ሳድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። 181 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህራንን፣ ከ9,000 በላይ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ጀመሩ። ለመምህራኑ የተማሪዎቹን ፈተና ሰጧቸውና ሁለት ነገር ጠየቋቸው። ትክክለኛው መልስ የቱ ነው? ተማሪዎችህ በብዛት የሚመርጡት የተሳሳተ መልስስ የቱ ነው? ሥር የሰደደ የተሳሳተ ግንዛቤ ባለባቸው ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ማወቅ በቂ ሆኖ አልተገኘም። የተሻለ የተማሩት፣ መምህራቸው ሁለቱንም ያወቀላቸው ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ለሳይንስ መምህር የሚዘጋጅ ሥልጠና መነሻው ግልጽ ይመስለኛል። የተማሪው የተሳሳተ መልስ ነው። ሥልጠናውን ዘርግታችሁ እዩት፤ የተማሪ የተሳሳተ መልስ የሚነሣበት አንድ ሰዓት እንኳ አለው?

በጋና ክረምት

«ታዲያ የተሳሳቱ መልሶች ዝርዝር ከውጭ አስመጥቶ ማደል ነዋ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ «ኤ ፕራይቬት ዩኒቨርስ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ። በሃርቫርድ የምረቃ ቀን ጋውን የለበሱ ተመራቂዎችንና መምህራንን «ሙቀትና ቅዝቃዜ ለምን ይፈራረቃል?» እያለ ይጠይቃል። ከ23ቱ 21ዱ ተሳሳቱ። ብዙ የሚሰማው መልስ «ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይቀዘቅዛል» የሚለው ነው። ትክክለኛው ምክንያት የምድር ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ ነው፤ በአንዱ የዓመቱ ክፍል ሰሜኑ፣ በሌላው ደቡቡ ፀሐይን ቀና ብሎ ያገኛታል።

ለቦስተን ተማሪ ይህን ስህተት ማፍረስ ቀላል ነው። «ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ያኔ እናንተ ጋ በረዶ ነው። ታዲያ?» በቃ፤ አለቀ። የአሜሪካ አሠልጣኝ ስላይድ ላይ የምታገኙት መከራከሪያ ይኸው ነው።

አሁን ያንኑ ስላይድ አዲስ አበባ አምጡት። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው መቼ ነው? በሰኔ መጨረሻ አካባቢ፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። እኛ ጋ ያኔ ምንድን ነው? ክረምት! ብርድ፣ ጭቃ፣ ጃኬት። ስለዚህ «በክረምት የሚበርደው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው» ብሎ የሚያስብ የአዲስ አበባ ተማሪ የመምህሩን ቁጥር ሲሰማ ምን ይላል? «ይኸው! ብያችሁ ነበር» ነዋ። ቦስተን ላይ ስህተቱን የገደለው መረጃ እዚህ ስህተቱን ያጠናክረዋል።

ቋንቋውም ያግዘዋል። «ሰመር» የሚለውን ቃል እንዴት እንደምንተረጉመው አስቡት። ስለ አውሮፓ ስናወራ «በጋ» እንላለን። የዩኒቨርሲቲ «የሰመር ተማሪዎች» ስንል ደግሞ በክረምት የሚማሩትን ነው። ያው ወር፣ ያው ቃል፣ አንዴ በጋ አንዴ ክረምት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «በሰመር ይሞቃል» ይላል፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል።

የእኛ ክረምት በመጀመሪያ ደረጃ የዝናብ ወቅት ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትዘልቅ የዝናቡ ቀበቶ ተከትሏት ይመጣል፤ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ወደ ደጋው ይወጣና ደመና ይሆናል። ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል፤ ይበርዳል። ፀሐይዋ ግን በሰኔ ከአናታችን አልራቀችም። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ናት። አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ ብትተክሉ፣ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ጥላው 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም ወደ ደቡብ። በታኅሣሥ፣ ገና ሲቃረብ፣ ጥላው 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ወደ ሰሜን ዞሮ። በሚያዝያ 5 አካባቢና እንደገና በነሐሴ 23 አካባቢ ጥላው ይጠፋል፤ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ናት። ነሐሴ ላይ ደመናው ካስቻለ ማለቴ ነው።

(እኩለ ቀን ስል ልክ 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። ሰዓታችን የተሞላው ከኛ በስተ ምሥራቅ ለሚያልፍ መስመር ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥላ የሚያጥረው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው። ይህ ራሱ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል።)

ርቀቱስ? 147 እና 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብዙ የሚራራቁ ቢመስሉም ልዩነቱ 3 በመቶ ያህል ነው፤ በብርሃን ደረጃ ወደ 7 በመቶ። የርቀቱን ሐሳብ እዚህ አገር ማፍረስ የሚፈልግ መምህር የቦስተንን በረዶ መጥራት አያስፈልገውም። የራሱን ውርጭ ይጥራ፦ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሊሆን ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ የደጋው ሌሊት ውርጭ የሚይዘውም በዚያው ሰሞን። ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ያመልጣል። ቀኑ የሚሞቅ፣ ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጥ። በርቀት አስረዱት እስቲ!

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የሥነ ፈለክ ትምህርት ለመስጠት አይደለም (ብትወዱት ግን ደስ ይለኛል)። ማየት ያለባችሁ፣ ከሌላ አገር በተቀዳ ስላይድ ይህ ሊገኝ እንደማይችል ነው። የዚህን አገር ልጅ የተሳሳተ መልስ የሚያውቀው የዚህ አገር መምህር ነው። እሱም ቢሆን ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አስተያይቶ ካልሆነ አያውቀውም። የሥልጠና ሥራ መሆን የነበረበት ያ ነው። አንድ ዘንግ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ግቢ። ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ይቀጥላል።

ሰዓት መቁጠር

የሚወስኑት ሰዎች ግን ሥልጠናን የሚለኩት በሰዓት ነው። በኢትዮጵያ የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲያሟላ ይጠይቃል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ የሁለት ቀን ብልጭታ ለውጥ እንደማያመጣ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በመምህራን ሥልጠና ላይ የተሠሩ ከ1,300 በላይ ጥናቶችን ፈተሹ። የጥራት መስፈርቱን ያለፉት ዘጠኝ ብቻ! ከ1,300 ዘጠኝ። እነዚያ ዘጠኙ ከ14 ሰዓት ያልበለጠ ሥልጠና በተማሪ ውጤት ላይ ግልጽ ለውጥ እንዳላመጣ፣ ረዘም ያሉት ግን እንዳመጡ አሳዩ።

«በቃ፣ ሰዓቱን መጨመር ነው» ለማለት ይቸኮላል። ትንሽ ቆይቶ ግን በአሜሪካ ለ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራን ረጅም ሥልጠና፣ ክፍል ድረስ የሚመጣ አማካሪ ጭምር ተሰጥቶ ሁለት ዓመት ተለካ። በተማሪዎቹ ውጤት ላይ ግልጽ ለውጥ አልታየም። ረጅም ነበር፣ ውድ ነበር፣ አልሠራም። ሰዓት እንደ ድስት ነው፤ ትልቅ መሆኑ ወጥ አለው ማለት አይደለም። ስድሳ ሰዓት ሲቆጠር ደግሞ የሚሞላው ፎርም ነው፤ ፖርትፎሊዮው ይወፍራል፣ ይፈረማል፣ ይደረደራል።

ሌላው በሽታ ሥልጠናው የሚወርድበት መንገድ ነው። ከፌደራል ለክልል፣ ከክልል ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለትምህርት ቤት። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አራተኛው ላይ ፊደሉ ይታያል፣ ሥዕሉ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። እዚህም እንዲሁ ነው። ላይ አምስት ቀን የነበረው ታች ግማሽ ቀን ይሆናል። የሚተርፈው ስላይዱና ምሕጻረ ቃሉ ነው። የሚጠፋው ደግሞ መምህሩ ራሱ ጥያቄ ተጠይቆ፣ ተሳስቶ፣ «እንዴ?» ያለባት ቅጽበት። ያቺ በፍላሽ አትላክም።

ጥሩ ሐሳብም በዚህ መንገድ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ማየት ይቻላል። ኬንያ ውስጥ በጃፓኑ ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ፣ በጃይካ፣ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ሥልጠና አለ፤ ስማሴ ይባላል። በኋላ ወደ እኛም መጥቶ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መምህራን ተሠርቶበታል። ሐሳቡ ደስ ይላል፦ ተማሪው ይሥራ፣ ሙከራ ይኑር፣ ዕቃ ከሌለ ካለው ይፈጠር፤ መምህሩ ያቅድ፣ ያስተምር፣ ይመልከት፣ ያሻሽል። እኔ ከሁሉም የምወደው «ይመልከት» የሚለውን ነው። በየደረጃው ሲወርድ ቶሎ የሚጎዳው ግን እሱ ነው፤ ለማውረድ የሚቀለው «ካለው ይፈጠር» የሚለው ነዋ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ሳንባ፣ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚገነፍል «እሳተ ገሞራ»። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። «ከመገንፈሉ በፊት ምን ይሆናል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ለምን?» ያለ ግን የለም። እጁ ሲሠራ ጭንቅላቱ ዕረፍት ላይ ነው።

አበልና ሌሎች ነገሮች

«መምህራን ለአበል ነው የሚሄዱት» የሚል ሐሜት አለ። ቢሆንስ? ደመወዙን የሚያውቅ ሰው አይፈርድም። ከቤቱ ርቆ አምስት ቀን የሚውል ሰው በልቶ ማደር አለበት። እኔ የማዝነው ለአበሉ ሳይሆን፣ ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶ መምህሩ ከአበሉ በቀር ይዞት የሚመለስ ነገር ሲያጣ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ አለ፤ ቤተ ሙከራው ተቆልፏል ወይም የለም፤ መጽሐፍ ለሦስት ነው። ሥልጠና ይህን ያስተካክላል? አያስተካክልም። «መምህሩ ይሠልጥን» የሚለው ቃል አንዳንዴ ዴስክና መጽሐፍ ላለመግዛት ጥሩ ማምለጫ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ መምህራኑ ይታዘቡኛል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገር ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቁም ነገር ተይዞ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነትና በማስተማር ዘዴ ሠልጥነዋል። የትምህርቱ ይዘት ወደ አዳራሹ መመለሱን እደግፋለሁ። ግን የሳድለርን ጥናት አስታውሱ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ፊዚክስን እንደገና ቢያስተምረው፣ የሚጨምርለት ትክክለኛውን መልስ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ፣ የልጆቹን መልስ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰው አያውቀውም፤ እነዚያን ልጆች አላያቸውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ማንን ማሠልጠን እንዳለበት ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

ምን ቢሆን

ውድ ነገር አያስፈልግም። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተደራጅተዋል፤ የአካባቢው መምህራን በእግር የሚገናኙበት ቦታ አለ። ጃፓኖች መምህራን አንድን ትምህርት አብረው አቅደው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪዎቹን (መምህሩን አይደለም) እያዩ የሚማማሩበት የቆየ ልማድ አላቸው። እኛም አንድ ርዕስ ብቻ ይዘን እንጀምር። የኤሌክትሪክ ዑደት ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ መምህር አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ይሰጠዋል። አንድ ብቻ። ከመንካቱ በፊት አምፖሉ የሚበራበትን አያያዝ በወረቀት ይሥላል። ከዚያ ይሞክራል። ቀላል ይመስላል፤ እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ብዙ ሰው ሽቦውን ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ወደ አምፖሉ ቂጥ ወስዶ «ይበራል» ብሎ ይጠብቃል፤ ኤሌክትሪክ እንደ ቧንቧ ውኃ በአንድ በኩል ከመጣ ይበቃል ብሎ። አምፖሉ ሁለት መግቢያ እንዳለው፣ አንዱ ቂጡ፣ ሌላው የጎኑ ብረት መሆኑን፣ ልብ ያለው ጥቂቱ ነው። መምህሩ እዚያው «እንዴ?» ካለ ሥልጠናው ተጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ «ተማሪዎቼ ምን ይሥላሉ?» ብሎ ይገምታል፤ ግምቱን ጽፎ ያስቀምጣል። ሁለት ሳምንት ክፍሉ ሄዶ ለልጆቹ ያንኑ ጥያቄ ይሰጣል። ሰማንያ ልጅ ቢሆንም ሰማንያ ብጣሽ ወረቀት መሰብሰብ አሥር ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ስብሰባ መምህራኑ ስላይድ ይዘው አይመጡም፤ ወረቀቶቹን ይዘው ይመጣሉ። ጠረጴዛ ላይ ይዘረጓቸዋል፣ በየዓይነቱ ይከምሯቸዋል፣ ይቆጥራሉ። የገመቱትና ያገኙት የት ላይ ተለያየ? ትልቁን ክምር የሠሩት ልጆች ምን እያሰቡ ነው? ለእነሱ ነገ ምን ብናሳያቸው ይጋጫሉ? ውይይቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን።

ከእናንተ የሚጠበቀው ወረቀቱ ሲታደል ከጎረቤት አለመገልበጥ ነው። መምህሩ የሚፈልጉት የእናንተን ሐሳብ ነው፤ የተኮረጀ ትክክለኛ መልስ ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅማቸውም። ስም አያስፈልግም፣ ማርክም የለውም። የምታስቡትን ሣሉ፤ ሽቦውን እናንተ ይሄዳል ባላችሁበት አስኪዱት።